የማሙሽ ካሜራ

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ መቀስም ይዛ አታውቅም፣ የምትይዘው ፒንሳ ነው። ከተማው ዘመናዊ ልሁን ብሎ የመንገድ መብራቱን፣ የውሃ ቆጣሪውንና የቆሻሻ ገንዳውን ሳይቀር ከኢንተርኔት ጋር ካገናኘ ወዲህ፣ ነዋሪውም በተራው የበር ደወሉን፣ ቁልፉን፣ ካሜራውንና ማቀዝቀዣውን ማገናኘት ያዘ። እሷ የምትሠራው ይህን ሁሉ የተገናኘ ዕቃ በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃድ የሌለው፣ በባለቤቱ ስም ያልተመዘገበ፣ ወይም የራሱ የይለፍ ቃል የሌለው መሣሪያ ስታገኝ መጀመሪያ በአፏ ታስጠነቅቃለች። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ፒንሳዋ ነው። ሽቦውን ትቆርጣለች፣ በቀይ ፕላስቲክ ታሽጋለች፣ ዞር ብላ ሳታይ ትሄዳለች።

ከፒንሳው ሌላ የእጅ ስልክ የምታክል ጥቁር ሣጥን አለቻት፤ የተደበቀ መሣሪያ አጠገብ ስትደርስ ትጮኻለች። ባለ ሱቆቹ ይህን ስላወቁ ብልሃት አበጁ። መቀስ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የሚቀጥለው ያስላል፣ ሳሉ ከሱቅ ሱቅ እየተቀባበለ ይወርድና ሰፈሩ በሙሉ ሶኬቱን ይነቅላል። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው ወረርሽኝ የገባ ይመስለዋል። እሷ ግን አትቸኩልም። ከአንዱ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጥና እግሯን አነባብራ ትጠብቃለች። የሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ እስከ መቼ ይታገሳል? የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኛ እስከ መቼ ይቆማል? ተራ በተራ፣ በሆዳቸው እየረገሟት፣ መልሰው ይሰካሉ። ያን ጊዜ ሣጥኗ መጮህ ትጀምራለች፣ እሷም ፒንሳዋን ታወጣለች።

ይጠሏታል፤ እሷም አትወዳቸውም። ሥራ የጀመረች ሰሞን እንደ ሰው ልመና ትሰማ ነበር። አንዲት እናት ልጆቼን በሥራ ሰዓት የማይበት ነው፣ ነገ አስመዘግባለሁ ብላ አልቅሳ ለመነቻት፣ እሷም አዝና አለፈቻት። ሌባ በዚያው ካሜራ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት አጥንቶ የሴትየዋን ቤት አራቁቶ ሄደ። ሴትየዋም መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ፣ ያኔ ቆርጠሽው ቢሆን ኖሮ ብላ በሰው ፊት ተናገረቻት። ከዚያ ወዲህ ለእንባ ጆሮዋን ዘጋች። ጉቦ ሊሰጣት የሞከረም አለ፣ ያ ደግሞ ከእንባው ይልቅ ቀለላት፤ እጁን አየት አድርጋ እሽጉን ደርባ አሸገችበት።

ቤቷ አባቷ አሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስትሮክ መትቷቸው የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል የምታገላብጣቸው እሷ ናት። ሥራ ስትሄድ የጎረቤት ሴት ብቅ እያለች ታያቸዋለች። ድሮ በመሪያቸው ላይ ተደፍተው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልሉ ሰው፣ አሁን ከአልጋ እስከ ወንበር ያለው መንገድ ራቃቸው፤ የተረፋቸው ቁጣቸው ነው። ቁጣቸው ሁሉ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። የሚወዱት ማሙሽን ነው።

ማሙሽ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበት፣ ሆዱ ከቀበቶው አልፎ፣ የልጆች አባት ሆኖም ማሙሽ ነው። ሥራው ካሜራ መግጠም ነው። የሰፈሩን ካሜራ አብዛኛውን የሰቀለው እሱ ስለሆነ፣ እህቱ ቆርጣ በሄደች ቁጥር የሚደወለው ለእሱ ነው። እሱም ቀልደኛ ነውና «እናንተ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣባችሁ፣ እኔ ከእሷ ጋር ነው ያደግሁት» እያለ ያስቃቸዋል። ሲያስቅም ይወደዳል። እሷ ይህን ወሬ ስትሰማ አንጀቷ ቅጥል ይላል።

አባታቸው የታመሙ ሰሞን ማሙሽ መሰላሉን ተሸክሞ መጣና ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ አልጋውን ፊት ለፊት የሚያይ ካሜራ ሰቀለ። ሥራ በዝቶብኝ መምጣት ባልችል እንኳ በስልኬ አይዎታለሁ፣ ሲናገሩ እሰማለሁ፣ እኔም ስናገር ይሰሙኛል አላቸው። እሷ እንደ ልማዷ ፈቃዱን ጠየቀችው። አባትየው ከትራሳቸው ቀና ሊሉ እየታገሉ፣ ልጄ እኔን ለማየት ካንቺ መሥሪያ ቤት ማኅተም ሊያስመታ ነው ወይ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩባት። ተወችው። የሰውን ጓዳ ሁሉ ስትበረብር የራሷን ቤት ሳትፈትሽ አለፈች።

ከዚያ ጀምሮ አባትየው ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማበጠሪያ ነው። በደህናው እጃቸው ሽበታቸውን ያበጥራሉ፣ የፒጃማቸውን ኮሌታ ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ቀና ብለው «እንዴት አደርክ ማሙሽ? ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ቀን ቀንም ሥራ እንዴት ነው፣ መንገዱ ተዘጋጋ ወይ፣ ምሳ በላህ ወይ ይሉታል። መልስ የለም። ሥራ ላይ ነው ይላሉ ራሳቸው። እሷ ሳፋውን ይዛ ስትገባ ደግሞ ውሃው ቀዝቅዟል ይሏታል፣ ወይም ዛሬም አረፈድሽ። ቀናች። ምን ይደበቃል፤ አንዲት ጡጫ የማታክል ካሜራ ላይ ቀናች። ቢሆንም ሲታጠቡ ያማቸዋልና ሕመሙን እንዲረሱ ታንጎራጉርላቸዋለች፤ ድምፅ አላት፣ ከአባቷ በቀር ግን ሰምቷት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷን ፊታቸው በርቶ አገኘቻቸው። ማሙሽ አናገረኝ አሏት። ምሳ በላህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «በላሁ አባባ» አለኝ፤ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ ድምፁ ሻክሯል፣ ግን አናገረኝ። ይህን ሲሉ እንባቸው መጣ። እሷ ማንኪያውን ይዛ ቆማ ሰማቻቸው። ወንድሜን እስከ ዛሬ በድዬው ኖሯል ብላ አሰበች፤ ለካ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ማታ አባቷ በደስታ ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጡላት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደች። ይህ ሰውዬ ከሰፈሩ ሁሉ ለእሷ የከረረ ጥላቻ ያለው ነው፤ ደጋግማ ቆርጣበታለች፣ እሱም ደጋግሞ አስቀጥሏል። የዚያን ዕለት ሳሉ ከሱቅ ሱቅ እየተቀባበለ እሱ ጋ ሲደርስ ሶኬቱን አልነቀለም። ገና ከበሩ ሣጥኗ ጮኸች። ወንበሩ ላይ አገጩ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ደንበኛ አለ፤ ተራ የሚጠብቁት አግዳሚው ላይ ናቸው። ካሜራው በማን ስም እንደተመዘገበ ጠየቀችው። በገጣሚው፣ ወንድምሽን ጠይቂ አላት። ፒንሳዋን አውጥታ ባዶ ወንበር ስባ ወጣችበት።

«ቁረጪ» አላት ምላጩን በፎጣ እየጠረገ። «ግን አባትሽን ስታጥቢ ድምፅሽ እንዴት ያምራል።»

አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። እሷ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ ሥር ስልኩን አንስቶ ወደ ላይ አቀበላት። ከስክሪኑ አናት ላይ የራሱ ሱቅ ይታያል፤ እሷም ወንበር ላይ ቆማ አለች። በጣቷ ወደ ታች ስትስበው ሥጋ ቤቱ መጣ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ፋርማሲው መጣ፣ ከሁሉም ሥር የአባቷ አልጋ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሙሽ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አካውንት መክፈት ስለሰለቸው የገጠመውን ካሜራ ሁሉ በአንድ አካውንት፣ በአንድ የይለፍ ቃል ነበር የከፈተው። የይለፍ ቃሉ አባታቸው ሟች እናታቸውን በቁልምጫ የሚጠሩበት ስም ነው። እሱ አይረሳውም፤ ደንበኛ ረሳሁት ብሎ ሲደውልም በአንድ ቃል ይገላገለዋል። ያንተ ይቺ ከላይ ያለችው ናት፣ ሌላውን አትንካ ይላቸዋል። አትንካ ተብሎ እጁን ሰብስቦ የሚቀመጥ ማን አለ? መጀመሪያ ሥጋ ቤቱ የልብስ ሰፊውን ገበያ ሰለለ፣ ልብስ ሰፊው የፋርማሲውን፣ ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ከታች ያለውን ሽማግሌ አገኙ። ከገበያው ሁሉ እሱ ይበልጥ አዝናናቸው።

ስልኩ ውስጥ አባቷ ነቅተው ነበር። ኮሌታቸው ተስተካክሏል። «ማሙሽ» አሉ ከእጇ መዳፍ ላይ፣ «ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም፤ ልጆቹን ጃኬት አልብሳቸው።» ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ከአረፋው ሥር ሳቁን ሊይዝ ታገለ።

መቀስ ወደ ታች ሳታይ «በላሁ ያልከው አንተ ነህ?» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ለቀልድ ነው አለ። ማንም ስላልሳቀለት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽማግሌው በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። አንድ ቀን አንጀቴን በሉኝና መለስኩላቸው። ካሜራውን የሚያይ ሰው የስልኩ ስም ከስክሪኑ ጥግ ይወጣል፤ የወንድምሽ ስም አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም።»

የአባቷን የከሳ ጭን፣ ልብስ ስታወልቅላቸው በአንድ እጃቸው ለመሸፈን የሚታገሉትን ገላቸውን፣ ይህ አግዳሚ በሙሉ ተራ እየጠበቀ አይቶታል። ያንን ምላጭ ነጥቃ አንዱን ብትዘለዝለው ደስ ባላት። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ሽቦውን ቆረጠች፣ አሸገች፣ ስልኩን የሳሙናው ውሃ ውስጥ ጥላለት ወረደች። እሱም ስልኬ አላለም። ከዚያ ወጥታ ሥጋ ቤቱን ቆረጠች፣ ልብስ ሰፊውን፣ ፋርማሲውን፣ ማሙሽ የሰቀለውን ሁሉ። ያን ቀን ያሳለ ሰው አልነበረም፤ ፊቷን ሲያዩ ራሳቸው በሩን ይከፍቱላት ነበር።

መጨረሻ ላይ ቤቷ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ከቁም ሣጥኑ ሥር ቆመች። አባቷ ምን ልታደርጊ ነው አሏት። ፈቃድ የለውም አለቻቸው።

«ልጄን ነው የምትቆርጪብኝ» አሉ። «ሌላ ምን ቀርቶኛል?»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የሰፈር ወንድ ገላዎትን ሲያይ ከርሟል ልትል ነበር፤ በላሁ ያለዎት ፀጉር አስተካካዩ ነው ልትል ነበር፤ ልጅዎ አንድ ቀን አይቶዎት አያውቅም ልትል ነበር። የትኛውም ይገድላቸዋል። ፒንሳውን ጨበጥ አድርጋ ቆረጠችው። አባትየው ከሰው የተፈጠርሽ አይደለሽም አሏትና አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ስታጎርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጎርሱት። ስታጥባቸውም እንደ ግንድ ተጋድመው ዝም ይላሉ፤ እሷም ማንጎራጎሩን ተወችው፣ ድምፅዋ ራሷን አስጠላት።

በማግሥቱ ቢሮ ገብታ ወንድሟን በገዛ እጇ ከሰሰች። አለቃዋ ወረቀቱን አይቶ ዘመድሽ አይደለም እንዴ አላት። ገጣሚው ነው አለችው። የማሙሽ የሥራ ፈቃድ ታገደ፣ ደንበኞቹም ያን ሁሉ ሳቅ ረስተው ገንዘባችንን መልስ እያሉ በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

ማሙሽ እሳት ጎርሶ መጣ። በሩን በቡጢ ደበደበው፣ ስትከፍትለትም የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋሽ፣ ድሮም ቅናተኛ ነሽ፣ የእናታችን አፅም ይውጋኝ ዓይንሽን አላይም እያለ ፊቷ ላይ ጮኸ። እናቱን ሲጠራ የይለፍ ቃሉ ትዝ ብሏት በጥፊ ልትለው እጇን አነሳች። በዚህ መሐል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማሙሽ? ማሙሽ ነህ?»

እጇን አወረደች። ማሙሽ እህቱን በትከሻው ገፍቶ አልፎ ገባ፤ እሷም ተከትላው በሩ ላይ ቆመች። አባትየው በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ሸሚዝ ጨምድደው ያለቅሱ ነበር።

«አውቄዋለሁ» አሉት። «ይቺ ስትቆርጠው ጨለመብህ፤ ደንግጠህ መጣህ። ታየኝ ነበር ማለት ነው።»

ማሙሽ ዞሮ እህቱን አያት። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ያ ቃል ከማሙሽ በፊት አባቷን እንደሚመታ ግን ታውቃለች።

«አዎ አባባ» አለ ማሙሽ። «በየቀኑ ነው የማይዎት።»

በሕይወቷ ሰው ጠልታ ታውቃለች፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን አልጠላችም። አባትየው ፊታቸውን በትራሱ ጠርገው ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ አሉት። ማሙሽ ግራ ገባው። ለቆኛል አላቸው።

ከዚያ ካሜራውን መልስልኝ አሉት። ማሙሽ ፈቃዱ እንደታገደበት አልተናገረም፤ የምትከለክለኝ እሷ ናት አለ፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ። አባትየው ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ሴት ልጃቸው መለሱ። ካሜራው ከተቆረጠ ወዲህ ያናገሯት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ፍቀጂለት። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

ፈቀደች። ማሙሽ መግጠም ስለማይችል ሽቦውን የቀጠለችው እሷ ናት። አዲስ አካውንት በማሙሽ ስልክ እንዲከፈት አደረገች፣ ካሜራውን በአባቷ ስም መዘገበች፣ ወንድሟ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ደንቡ እንደሚያዘው ፊቷን አዞረች። ሲታጠቡ የሚሸፈንበት ክዳን ገጠመችለት። ከዚያ የፈቃዱን ምልክት ለጠፈችበት። በከተማው ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሕጋዊ ካሜራ አልነበረም።

ማሙሽ ሊሄድ ሲወጣ ደረጃው ላይ ያዘችው። ፀጉር ቤቱን፣ አግዳሚውን፣ የጉንፋኑን ድምፅ፣ ሁሉንም በአጭሩ ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ። የደረጃውን ብረት ያዘ፤ ጥፋቱን ሊያምን ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ እሷው ዞረባት። እዚያው ፊታቸው ነግረሽ ለምን አላዋረድሽኝም፣ ዕድሜ ልኬን ልታስፈራሪኝ ነው ምስጢር አድርገሽ ያስቀመጥሽው አላት።

«ላንተ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት» አለችው። «አሁን ስማኝ። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ እኔም አላውቀውም። እስከ ዛሬ ሌላው ቢቀር ፀጉር አስተካካዩ ያያቸው ነበር፣ አንድ ቀንም መልሶላቸዋል። ከእንግዲህ አንተ ካላየሃቸው ማንም አያያቸውም።»

ማሙሽ ሰዓቱን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ የኮቱን ዚፕ ሳበ።

«እሺ እትዬ፣ ሥራ አለብኝ እኮ» አላት። «ደግሞ አንቺ አለሽ አይደል እንዴ? ቀን ከሌት አብረሻቸው ነሽ። እኔ ባላያቸው ምን ይጎድላቸዋል?»

«ጠዋት ሲነቁ ሰላም የሚሉት አንተን ነው» አለችው። «እኔን ሰላም ብለውኝ አያውቁም።»

ይህን ብላ በሩን ዘጋችበት።